በሽጉጡ እጀታ ላይ የጠመጠምኩት ጎማ

ጅዳ ውስጥ የማስታምማቸው ሽማግሌ፣ የከፊሌ፣ የአሠሪዬ፣ አባት፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። አርብ አርብ በመካ መንገድ ዳር ወዳለው ግቢያቸው እንሄዳለን። ከአሱር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ይቀመጡና ሽጉጣቸውን አውጥተው ወደ ጓሮው ግንብ ይተኩሳሉ፤ አንድ ጥይት ብቻ። ሽጉጡ ሲራገጥ የታመመ የእጅ አንጓቸውን ስለሚያጣምመው አይደግሙም።

“ተያቸው” አለችኝ ማዳም፣ የልጃቸው ሚስት። “እጃቸውን እያመማቸው ምን ያደርጋሉ? ኸላስ፣ ይብቃቸው።”

እኔ ደግሞ የማያገባኝ ነገር ውስጥ ጥልቅ ማለት አመሌ ነው። አንጓቸውን በዘይት ሳሽ አሳዘኑኝ። ወሎ እያለን አባቴ የማጭዱ እጀታ እጁን እንዳይልጠው የብስክሌት የውስጥ ጎማ ይጠመጥምበት ነበር። እኔም ግቢው ውስጥ ከተጣለ ብስክሌት ጎማ ቆርጬ፣ ጥይቱን ካወጡልኝ በኋላ፣ የሽጉጡን እጀታ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። ደስ ብሏቸው አያያዙን አሳዩኝ፤ አንዱ እጅ እጀታው ላይ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ከጎን ደግፎ፣ ደረት ትንሽ ወደ ፊት።

“ላልቶ ከተያዘ ይራገጣል፤ ባዶ ቀለሁንም ነክሶ አልተፋም ይላል” አሉኝ።

ያን ቀን ስድስት ጥይት ተኮሱ። እጃቸው ንቅንቅ አላለም።

“አሁንም እንደቆመ ነው” አሉ።

“ማን ነው የቆመው፣ ባባ?”

በአገጫቸው ግንቡን አሳዩኝ። ከእኔ ጥላ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

በሚቀጥለው አርብ ሻይ ይዤ ከወጥ ቤት ስወጣ ሽጉጡን ወደ እኔ አዙረው ጠበቁኝ።

“ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ጎንበስ በይ። ከኋላሽ ነው።”

ከነትሪው ወደቅኩ። ተኮሱ። ቀና ስል እጃቸው እዚያው ነበር፤ ዓይናቸው እንኳ አልተርገበገበም። ከኋላዬ የበሩ መቃን በሰው ራስ ቁመት ልክ ተበስቷል። ያንን እጅ ያረጋሁት እኔ ነኝ። ለማዳም ብናገር “ጎማውን ማን ጠመጠመ?” ትላለች፤ ከዚያ መንገዴ ወደ ሹመይሲ ነው፣ ወደ አገር የሚባረሩት ወደሚታሰሩበት። ፈሪ ነኝ፤ ቀዳዳውን በሳሙና ደፈንኩትና ዝም አልኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ሲሰግዱ ግን ጎማውን በወጥ ቤት ቢላ ቆርጬ ጣልኩት።

በሳምንቱ አንዴ ሲተኩሱ ሽጉጡ ተራግጦ ከእጃቸው ወደቀ። አለቀሱ። አንጓቸውን በረዶ ውኃ ውስጥ ያዝኩላቸው።

“ለምን ፈታሽው?” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “አሁን ያንን ከኋላሽ የሚቆመውን ማን ይመልስልሻል?”

ሽጉጡን ዳግም አላነሱትም፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ አሁን ሰቢል በሚባለው የጅዳ ሰፈር ክፍል ተከራይቻለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ይስቁብኛል፤ ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ ምግብ መብላት እስካሁን አልቻልኩም።