ከስንዴው ሥር ያለው መንደር

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ እንጨት መሸከም ነበር። ኮምባይነር ልነዳ ነው ብዬ አሰላ ላሉ ጓደኞቼ ሁሉ ጉራዬን ነዝቼ፣ ኢተያ አጠገብ ቡርቃ የምትባል መንደር ስደርስ ኦፕሬተሩ ጋሽ ታደለ አንድ ሸክም እንጨት አስታቀፈኝ። "መሪ ለመንካት ገና ነህ፤ መጀመሪያ የምናጭድበትን ቦታ እወቅ" አለኝ።

ቦታውን ያሳወቁኝ የመንደሩ ሽማግሌ ሀጂ አማን ናቸው። በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታ ተብሎ ሰዉ ከኮረብታው ወርዶ መንገድ ዳር በመስመር ሰፈረ። የድሮው ቤት ፈርሶ ቦታው ታረሰ። ዘመኑ ሲለወጥ ገሚሱ ተመልሶ ወጣ፤ ገሚሱ ግን ትምህርት ቤቱንና መብራቱን ትቼ አልሄድም ብሎ እዚያው ቀረ። የድሮው መንደር የመሠረት፣ የምድጃና የወፍጮ ድንጋይ ግን ዛሬም ስንዴው ውስጥ ነው። የማጨጃው ቢላ አንዱን ከመታ፣ መለዋወጫ እስኪገኝ ዝናብ ይቀድማል።

ስለዚህ ቡርቃ ላይ ማሽን ዝም ብሎ አይገባም። ሀጂ ቀድመው ይሄዱና ድንጋይ ባለበት ሁሉ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ይተክላሉ። "ይሄ የቶሎሳ በር ነው። እዚህ የከድር ጥጆች ያድሩ ነበር" ይላሉ። እኔ ሸክሜን ይዤ እከተላለሁ።

ኦፕሬተር ከሆንኩ በኋላ፣ አምና፣ ሀጂ ታመው አሰላ ሆስፒታል ተኙ። ሳይታጨድ የቀረው የአደ ሙሚና ማሳ ብቻ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ የዓመት ቀለባቸው ያ ስንዴ ነው። ጭላሎ ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሯል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከደጋገመበት ደግሞ እዛላው ላይ ይበቅላል።

ለባለ ማሽኑ ደወልኩ። "ሀጂ ከሌሉ እንዳትገባ! ቢላው ቢሰበር ተጠያቂው አንተ ነህ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አደ ሙሚና አጠገቤ ቆመው ሰምተውታል። "ሀጂን ምን አስጠበቀህ ልጄ? እኔ እኮ የተዳርኩት እዚህ ቤት ነው" አሉ።

"አደ፣ ይሄን ያህል ዘመን አልፎ ያስታውሱታል?"

"ውሃ ተሸክሜ በጨለማ የገባሁበትን በር እረሳለሁ? ና፣ እንጨቱን አምጣ!"

በሩን፣ ምድጃውን፣ የአማታቸውን መደብ እየጠሩ ተከሉ። ከዚያ ድንገት ቆሙ። "ወፍጮው እዚህ ነበር... ወይስ ወዲያ?" ወደ በሩ ተመለሱና እንስራ እንዳዘለ ሰው ጎንበስ ብለው እንደገና ገቡ። ጥቂት ተራምደው ስንዴውን በእግራቸው ገለጥ አደረጉ። ወፍጮው እዚያ ነበር።

እንደገና ደወልኩ። "እንጨቱ ተተክሏል" አልኩት።

"ማን ተከለው?"

"የቤቱ እመቤት።"

"እንግዲያው ቀስ ብለህ" አለኝ።

በአንደኛ ማርሽ፣ ማጨጃውን ከፍ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ ገባሁ። የመጨረሻው ጆንያ ሸራ ሥር ሲገባ ዝናቡ ወረደ። አደ ሙሚና እየበሰበሱ "አልሐምዱሊላህ!" እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ሀጂ ድነው ተመልሰዋል። ዘንድሮ እንጨቱን የሚተክሉት ሁለቱ ናቸው፤ የከድር በር ወዲህ ነው ወዲያ ነው እያሉ ሲከራከሩ ማሽኑን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ለአዲስ ኦፕሬተር የምለው ይህንኑ ነው፦ አሮጌ መንደር ላይ ስትገባ ማርሽ አንድ፣ ማጨጃው ከፍ፤ ከሁሉ በፊት ግን እዚያ ቤት የኖረ ሰው ይቅደምህ።