አንዲት ክኒን ለሁለት

እኔን ሞኟን ማን ግቢ አለኝ? ፊደል ያልቆጠርሁ፣ ጥርሴ ያለቀ፣ ስነሣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል አሮጊት፣ ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሰው ስቦጭቅ መዋል ስችል፣ የልጅ ልጄንና ባሏን አስከትዬ አገር ጥዬ ወጣሁ። ሰው በጉብዝናው ይሰደዳል። እኔ የመቃብሬን ቦታ ከመረጥሁ በኋላ ተሰደድሁ። ደግሞ ርቄ ሄጄ ቢሆን ባልከፋ፤ ከደብረ ወርቅ ማዶ ካለችው ቀዬዬ ተነሥቼ ማርቆስ ላይ ቀረሁ። ይህን ያህል መንገድ ስደት ይባላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። መመለስ ካልቻሉ ስደት ነው።

የወጣነው በገበያ ቀን ነው፤ ይህች የኔ ብልጠት ናት። በሌላ ቀን ሦስት ሰው ጓዝ ተሸክሞ ከወጣ አገር ምድሩ ይጠይቃል። በገበያ ቀን የሚጠየቀው ባዶ እጁን የሄደ ነው። ገና ሳይነጋ ስመኝ፣ የልጅ ልጄ ናት፣ ልብሷን ጆንያ ውስጥ ከትታ ጤፍ አስመሰለችው። ባሏ ሙሉሰው ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ተሸከመ። እኔ ዶሮዬን አቀፍሁ። በየመንገዱ የጠየቀኝን ሁሉ፣ ሴት ሆና እንደ አውራ ጮኸችብኝ፣ ገደ ቢስ ናት፣ ከቤቴ ላውጣት ብዬ ነው አልሁት። ይህን የሰማ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። እንዲያውም አንዱ ሽማግሌ ቶሎ በይ ብሎ አጣደፈኝ። ዶሮዬ በሕይወቷ ጮኻ አታውቅም፤ ስሟን አጠፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስመኝ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ለክትትል ጤና ጣቢያ ብትሄድ ደሟን አይተው ኤች አይ ቪ አለብሽ አሏት። ከየት መጣ አትበሉኝ። ከሙሉሰው በፊት ልጅ ሆና የተዳረችለት ሰው ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ሳል ይዞ ተመልሶ ሞቷል። ያኔ ሳንባ ነው አልን፤ ሳንባ ማለት ይቀላል። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ስመኝን አላስፈራራቻትም። በየቀኑ አንዲት ክኒን ከዋጥሽ አንቺም ትኖሪያለሽ፣ ልጅሽም ነጻ ሆኖ ሊወለድ ይችላል አለቻት። ይህ ደግ ነገር ነው። ችግሩ ክኒኑን የሚሰጡበት በር ነው። የኛ ጤና ጣቢያ ዘበኛው የክርስትና ልጄ ነው። ካርድ የምታወጣዋ የቄሳችን ልጅ ናት። በረንዳው ላይ የተኮለኮለው በሽተኛ ሁሉ ዘመድ ነው። በዚያ በር የገባ ሰው ገና ሳይወጣ ወሬው ቤቱ ደርሶ እግሩን ታጥቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወደማያውቁን እንሂድ አልሁ። ያልሁት እኔ ነኝ፤ አፌን ይዝጋውና።

ማርቆስ ላይ ያገኘነው አከራይ ከበር ቆሞ መረመረን።

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

«ሆዷስ?» አለ ስመኝን እያየ።

«እሱ ውሃ አይቀዳ፣ መብራት አያበራ።»

«ዶሮዋስ?»

«እሷ እንግዳ ናት፣ ለበዓል ትሄዳለች።»

«እማማ፣ እዚህ ግቢ እንጨት ማንደድ የለም። ከመሸ በር ማንኳኳት የለም። እንግዳ ማሳደር የለም።»

«መተንፈስስ፣ ልጄ?»

«እሱን ቀስ እያላችሁ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መሐሉን በመጋረጃ ከፈልነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ የወዲያኛው ተከራይ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ነኝ። ብርዱ የኛውም አገር ብርድ ነው፣ የማርቆሱ ግን ጭስ በሌለበት ቤት የሚገባ ብርድ ስለሆነ የሚከለክለው የለም። ሰዉ መልካም ነው፣ ግን ሰላምታ አያውቅም። ሰላም ነው ብሎ ያልፋል፤ መልሱን አይጠብቅም። እኛ ዘንድ እኮ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የታመመው፣ የተጣላው ተጠይቆ ሳያልቅ ፀሐይ ይዞራል። የቧንቧው ውሃ ብረት ብረት ይላል። ድንቹ እንኳ ውሃ ውሃ ይላል፤ የኛ ድንች ሲቀቀል ተሰነጣጥቆ ዱቄት የሚሆነው ነገር በሕልሜ ይመጣብኛል። ቀኑን ሙሉ እግሬን ሰብስቤ አልጋ ላይ ነኝ። ደጅ ብወጣ የማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ፣ ለምን መጣችሁ ይመጣል። ሙሉሰው ግንባታ ቦታ ድንጋይ ሲሸከም ይውላል። መድኃኒቱን የደበቅነው የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ስመኝ ክኒኗን ስታወጣ ሦስታችንም እናስነጥሳለን። ያን ጊዜ ይማራችሁ የሚለን ጎረቤቱ ነው።

ክኒን የሚሰጡበት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይቀመጣል። ከአንዲት የማርቆስ ሴት ጋር ወግ ያዝሁ፤ የእህቷን መድኃኒት ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ልታዛውር መጥታ ነው። እህቷ ራሷስ ብላት፣ ሰው እንዳያያት ወደ ገጠር ወርዳ እዚያ ልትወስድ ነው አለችኝ። ሳቄን መቻል አቃተኝ። የኛ ሰው ለመደበቅ ወደነሱ ይወጣል፣ የነሱ ሰው ለመደበቅ ወደኛ ይወርዳል፣ መንገድ ላይ ሚኒባስ ለሚኒባስ እንተላለፋለን።

ሆዷ ገፍቶ ሳለ ሲስተሯ ለብቻችን አስገባችን። ወጣት ናት፣ ቁጡ፣ ግን እጇ ሙቅ ነው። ደም ውስጥ ያለውን የበሽታ ብዛት የሚያዩበት ቫይራል ሎድ የሚሉት ምርመራ ነበረ፤ መውረድ ሲገባው አልወረደም።

«ስመኝ፣ ትውጫለሽ ወይስ ትደፊዋለሽ?» አለቻት።

«ሲስተር ሙች፣ አንድ ቀን አላለፈኝም።»

ክኒኑን ቆጠረችው። ልክ ነው። ግራ ገባት። እንግዲህ እኔን ምን እንዳሳከከኝ አላውቅም፣ ልጄን ሐሰተኛ ሊያደርጓት ነው ብዬ ተቆጣሁ።

«ኧረ በትክክል ነው የሚውጡት! ባሏ በቢላ እኩል ይቆርጠውና መጀመሪያ ለሷ ያጎርሳታል፣ ከዚያ የራሱን ይጎርሳል። እንዲህ ያለ ባል የት አለ!»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ባሏ ተመርምሯል ወይ ብላ ጠየቀች። እሷ ተመርምራ የለም ወይ፣ እሱን ደግሞ ምን ያደርግላችኋል አልኋት።

ሙሉሰው ከውጭ በር ላይ ተጠራ። ሲሚንቶ እንደለበሰ ገባ። ጥቂት ዓመት ቆሎ ትምህርት ቤት ስለነበረ አነጋገሩ እንደ ቄስ ነው።

«እኛ ቆርበናል፣ ሲስተር» አላት። «አንድ ሥጋ ነን። የሷ ደም ከታየ የኔም ታየ። እኔ ደግሞ ሌላ ካርድ ላውጣ ብል ሰው ያውቅብናል፤ የሷ ለሁለታችን ይበቃል ብዬ ነው።»

«ሥጋችሁን ቤተ ክርስቲያን አንድ ታድርገው። ደማችሁን እኔ ለየብቻ ነው የማየው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግማሽ ክኒን ግማሽ መድኃኒት አይደለም፣ ወንድሜ። በሽታው አይሞት፤ መድኃኒቱን ይለማመደዋል። ልጁ ደግሞ ሊወለድ ነው። ጊዜ አለን፣ ግን ብዙ የለንም።»

«እሱ ያለ መድኃኒት ከሞተብኝ ልጁን ከማን ጋር ላሳድገው ብዬ ነው» አለች ስመኝ፣ ወለሉን እያየች። እኔ እንኳ ቀልድ አጣሁ። ለካ ልጅቱ እያወቀች ኖሯል፤ እንደማይበቃት ጠርጥራ ኖሯል፤ እሱን ከማጣ ብላ ነው አፏን የከፈተችለት።

የሙሉሰው ደም ታየ። ነጻ ነው። ሰው እዚህ ላይ ይስቃል፣ ይሰግዳል። እሱ ግን ፊቱን በሲሚንቶ እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ብቻዋን ተውኋት አለ። ሲስተሯ ነጻ ነህ ስትባል የምታለቅስ አንተን አየሁ አለችው። ግማሽ ግማሹን ስትውጥ ስለከረምህ ደግሞ መመርመር አለብህ፣ ላንተም እንዳይዝህ የሚከላከል የራስህ ክኒን አለ፣ ብላ ሰጠችው። የራሱን ካርድ አወጣ፣ ይኸው ባልና ሚስት ሆነው ሁለት ካርድ። ቀጥላ ካውንስሊንግ የሚሉትን ጀመረችና ኮንዶም አውጥታ አስረዳች። እኔ በሐፍረት ፊቴን በእጄ ሸፈንሁ። ጣቶቼን ግን አልገጠምኋቸውም።

ከዚያ ወዲያ ስመኝ ሙሉዋን ትውጣለች፣ ፊቷ ቆሜ አፍሽን ክፈች እላታለሁ። እንዲያም ሆኖ እንቅልፍ የለኝም። የባከነው ጊዜ ልጁ ላይ ምን ሠርቶ እንደሆነ ማን ያውቃል? መንገድ ተዘጋ ሲባል መድኃኒቱ የማይገባ ይመስለኛል። ኔትወርክ ሲኖር አገር ቤት ጎረቤቴ አንጓች ትደውላለች። ስመኝ እንዴት ናት ትላለች፤ የደም ማነስ ነው፣ ሐኪም አጠገብ ትሁን ብለዋት ነው እላለሁ። ቤትሽ ጣሪያው ዘመመ ትላለች፤ እመጣለሁ እላለሁ። መች ትላለች፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ እላለሁ፣ ሳይቆረጥ።

ሴት ልጅ ወለደች፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ። እንደተወለደች ሽሮፕ ጀመሩላት፣ ከጡት በቀር ውሃም እንዳይነካት አሉን። በቀያችን የሕፃን ሁሉ ምላስ ላይ የመጀመሪያዋን ቅቤ ያኖርሁ እኔ፣ ጉሮሮ ታለሰልሳለች እያልሁ ያስዋጥሁ እኔ፣ አሁን በር ላይ ዘብ ቆምሁ። የአከራያችን ሚስት ለጋ ቅቤ በቅጠል ይዛ መጣች። ስለት አለብን፣ ክርስትና እስክትነሣ ቅቤ አይነካትም አልኋት። የምን ስለት ነው አለች። የዝምታ ስለት ነው፣ አይነገርም አልሁ። ቅቤውን እራሴ ላይ ቀባሁት፣ ይባክናል እንዴ።

ከዚያ ከሕፃኗ ተረከዝ ደም ወስደው ጠብቁ አሉን። ደሙ ሩቅ ሄዶ ነው ውጤቱ የሚመጣው። ያንን መጠበቅ አልነግራችሁም። ሙሉሰው ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ፊታችንን አይቶ ነው የሚገባው። ስመኝ ልጅቷን ስታጠባ ይቅር በይኝ እያለች ታጠባለች። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አዋቂ ሰው አንዲትን ተረከዝ ስናይ ከረምን።

ነጻ ናት አሉን። ጡት እስክትጥል ድረስ ደግመው ደጋግመው ያዩዋታል፣ ገና አላለቀም፤ ለጊዜው ግን ነጻ ናት። የምነግረው ሰው አጣሁ። በግድግዳው ለጎረቤቱ አልጮህበት። ወደ አንጓች ደወልሁና አላስችል አለኝ፣ ልጅቷ እኮ ነጻ ናት አልኋት። ከምን ብላ አልጠየቀችኝም። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስንጸልይላችሁ ነበር አለች። ለካ ቀየው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ምን አስቀመጠኝ አልሁ በልቤ፤ የማኅበሩ ተራሽ ደርሷል፣ ጠላ እንጥመቅልሽ ወይ ስትለኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። መጣሁ አልሁ። ደግሞም እወቂው ብዬ ነገርኋት፤ በኔ የለም፣ በባሏ የለም፣ በሕፃኗ የለም፣ ስመኝም ክኒኗን ሙሉዋን ነው የምትውጠው።

«አውቃለሁ፣ የሹ» አለች አንጓች። «ብቻ ስትመጪ የምትጠጪበትን ብርጭቆ ይዘሽ ነይ።»