ባሌ የመነኮሰ ዕለት

እኔና ባሌ በቁርባን ነው የተጋባነው። በቁርባን የተጋባ ሰው፣ አንዱ እስኪሞት ሌላ አያገባም። በንጉሡ ዘመን ነው፤ ቤታችን ከቆሰበር ከተማ ከፍ ብሎ፣ ብርዱ ከማይለቀው ቦታ ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ባሌ ደግሞ ጾም ይወድ ነበር። መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብ ነበር መኝታ የምንለየው። ቀጥሎ የጽጌን ጾም ጨመረ፤ ከዚያ የየታቦቱን ዋዜማ። በመጨረሻ ፍስክ የሚባል ቀን ከቤታችን ጠፋ። እሱ መደብ ላይ፣ እኔ አልጋ ላይ።

«ሥጋ ጠላት ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«ጠላትህ ነው እንዴ ድንቹን የሚኮተኩትልህ?» አልኩት።

ድሮ ቢሆን ይስቅልኝ ነበር።

ልመንኩስ አለ። ሚስት ካልፈቀደች ገዳሙ አይቀበልም፤ ስለዚህ የነፍስ አባታችን ሊጠይቁኝ መጡ።

«ልጄ፣ በፈቃድሽ ነው? እንቢ ካልሽ ይቀራል» አሉኝ።

ባሌን አየሁት። ሆዱ ይባባል፣ «ተይ፣ ቀርቻለሁ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ደጅ እንደሚጠና ሰው አፍ አፌን ያያል።

«ፈቅጃለሁ አባ፤ እርስዎ ይመርቁት» አልኩ።

እግሬ ላይ ወድቆ ሳመኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የነካኝ ያን ዕለት ነው።

የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷል ተብሎ በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል፤ እንደ ሬሳ ገንዘው ያስተኙታል። ሴት ከገዳሙ ቅጥር ስለማትገባ እኔ ከውጭ፣ ኮሶ ዛፍ ሥር ቆሜ ሰማሁ። አባቴ ሲቀበር የሰማሁት ያው ዜማ ነው። ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወጥተው «ይህ እኮ ደስታ ነው!» ብለው ተቆጡኝ።

ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፤ ለለቀስተኛ ሰሌን አነጠፍሁ። ሞቷል ብለው የለ! ብጠብቅ ሰው የለም። ሲመሽ ጎረቤቴ ብቅ አለችና ነጠላዬን አይታ ደነገጠች።

«ምነው እቴ፣ በሕይወት ባለ ሰው ታሟርቻለሽ? እንኳን ደስ አለሽ እንጂ!»

«እንግዲያ ባል አለኝ ማለት ነው?» አልኳት።

ነጠላዬን በእጇ አቃንታልኝ ወጣች።

በሩን ዘግቼ ሰሌኑ ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። «እግዜር ያጥናሽ» አልኩ፤ ሌላ የሚለኝ አልነበረምና።