ሙሽራዋ የሚባለው ፌርማታ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የፌርማታ ስም በጠራ ቁጥር ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ።

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የታክሲና የአውቶብስ መስመሮችን ማንም ሰው እየገባ በሚያርመው የኢንተርኔት ካርታ ላይ እናስገባለን። ታክሲ እንሳፈራለን፤ ስልካችን መንገዱን ይመዘግባል። በየፌርማታው ምልክት እናደርግና ቦታው ማን እንደሚባል ጠይቀን እንጽፋለን። ደንባችን አንድ ነው፤ ሰው የሚጠራበት ስም ይጻፍ።

የዚያን ቀን ለእኔ የደረሰኝ የመሸንቲ መስመር ነበር። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ነጭ የጠመጠሙ፣ መቋሚያ የያዙ አረጋዊ ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ "መሪጌታ" እያለ ሰላም ይላቸዋል። ሐይቁ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው።

ከከተማ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ "ሙሽራዋ ጋ ወራጅ አለ?" አለ። ስሙ ደስ አለኝ። ስልኬ ላይ "ሙሽራዋ" ብዬ ጻፍሁ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉና ሹፌሩ አቆመ። እኔም ቦታውን በትክክል ለመያዝ ተከትያቸው ወረድሁ።

"አባቴ፣ ይህ ቦታ ለምን ሙሽራዋ ተባለ?" አልኋቸው። ፈገግ እያልሁ ነበር የጠየቅኋቸው።

"ለምን ፈለግሽው ልጄ?"

ስለ ካርታው አስረዳኋቸው። ስልኬን አዩ፤ ፊቴን አዩ።

"ልጄ ናት" አሉ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ልጃቸው ብርቱካን ትባላለች። በተዳረች በሳምንቷ ከባሏ ጋር ለመልስ ስትመጣ፣ ከመኪና ወርዳ አስፋልቱን ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። እሳቸው ሊቀበሏት ከመንገዱ ማዶ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ቦታውን ሙሽራዋ አለው። አሁን የሚጠሩት ታሪኩን ጨርሶ የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

"በጸሎት የክርስትና ስሟን እጠራለሁ፤ እሱን እችለዋለሁ" አሉኝ። "ይህን ግን አልቻልሁትም። እናቷ ደግሞ እዚያ አጥር ውስጥ ሆና ቀኑን ሙሉ ትሰማዋለች። ረዳቶቹን ለመንኋቸው፤ ጥቂት ጊዜ ተዉና መልሰው ጀመሩ። ካርታ ላይ ከወጣማ መቼም አይጠፋ። ተይው ልጄ።"

ወዲያው ደለዝሁት።

ልሰናበታቸው ስል ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርገዱ ከአጥሩ በር ብቅ አሉ። "እንግዳዋን ፀሐይ ላይ ያቆሟታል እንዴ? ምንድን ነው ነገሩ?"

"የፌርማታውን ስም እንዳትጽፈው እየነገርኋት ነው" አሉ መሪጌታ።

"ሙሽራዋን?"

መሪጌታ ክው አሉ። ሚስታቸው ቃሉን ሲናገሩት ሰምተው እንደማያውቁ ከፊታቸው ይታወቅ ነበር።

"ለምን ይቀራል?" አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። "እኔ ከዚህ አጥር ሥር የማልጠፋው ለምን ይመስልዎታል? ልጄን የሚጠራልኝ የታክሲ ረዳት ብቻ ነው። እዚህ ቤት የእሷ ነገር ተነሥቶ ያውቃል? እርስዎን እንዳይከፋዎ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ። "እኔም አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ ይርገዱ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ቀረሁ። መሄድም፣ መቆየትም ነውር መሰለኝ።

መጀመሪያ ዕንባቸውን የጠረጉት ወይዘሮ ይርገዱ ናቸው። "ስም አላት እኮ" አሉኝ። "ሙሽራ የሆነችው ለሳምንት ነው። ስሟን ጨምሪበት።"

መሪጌታን አየኋቸው። "ጻፊው" አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ "ሙሽራዋ ብርቱካን" ብዬ ጻፍሁ።

ከጊዜ በኋላ አንድ የማላውቀው የካርታው ተሳታፊ "ሰው እንዲህ ብሎ አይጠራውም" የሚል ማስታወሻ ትቶ ብርቱካን የሚለውን አወጣው። በደንባችን ከሄድን ልክ ነበር። ተናደድሁ፤ ግን አልመለስሁትም። የሆነውን ሁሉ ጻፍሁለት። በማግሥቱ ካርታውን ስከፍት ስሟን ራሱ መልሶታል።

ስልክ ይዤ፣ ፈገግ እያልሁ ከማላውቃቸው ሰዎች ሐዘን ውስጥ መግባቴን ሳስብ አሁንም እሸማቀቃለሁ። ባልጠይቃቸው ይሻል ነበር ለማለት ደግሞ አፌ አይደፍርም። በዓል ሲደርስ ብቅ እያልሁ እጠይቃቸዋለሁ። በቅርቡ ስሄድ መሪጌታ ብርቱካን ሕፃን ሳለች ታንኳ ላይ አልወጣም ብላ እንዴት እንዳስቸገረቻቸው ሲያወሩኝ፣ ወይዘሮ ይርገዱ "ኧረ እሷስ አልወርድም ብላ ነው ያስቸገረችው!" ብለው አቋረጧቸው። መሪጌታ አልተቀበሉም። "ከእኔ ጋር አልነበረች? አንቺ የት አየሽ?" አሉ። ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ፤ አይቻት የማላውቃት ልጅ ናፈቀችኝ።