የቶዋ ጠባብ በር

እህቴ ቶዋ ልጇን ኪየምን ያሳደገችው ሃይ ፎንግ ከተማ ውስጥ፣ በሰፈራችን መንገድ ዳር ቁጭ ብላ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ እየሸጠች ነው። ባሏ የሞተባት ገና በወጣትነቷ ነበር። ቂም የሚባል ነገር አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔ ልናገርላት።

እግሯ ከከዳት ወዲህ የምትሄደው በዊልቸር ነው። ክፍሏ መጋረጃ እንጂ በር ስላልነበረው ጠዋት ጠዋት ራሷ እየገፋች ሳሎን ትወጣለች፤ እዚያ ባለው የሙታን መታሰቢያ ጠረጴዛ ላይ፣ በባሏ ፎቶ ፊት ሻይ ታስቀምጥና ታወራዋለች። ከዚያ ደጅ ላይ ሆና አላፊ አግዳሚውን ትተርባለች። የቀራት ደስታ ይኸው ነበር።

ኪየም ቤቱን ላድስ ብሎ ተነሳ። የውስጥ በሮች ለመምረጥ ሦስታችን ሱቅ ሄድን። ቶዋ ስስ መቃን ያለውን ልሙጥ በር ነካ አድርጋ፣ «ይኼ ይበቃኛል፤ ብቻ ወንበሬ ይለፍበት» አለች።

«እማዬ፣ የጎተራ በር ነው እንዴ የምንገዛው? እንግዳ ምን ይለናል?» ብሎ ሳቀ። እሱ ዓይኑን የጣለው አበባ የተቀረጸበት ወፍራም ክፈፍ ላይ ነበር።

አናጢው መጥቶ የበር ሜትሩን ዘረጋ። እኛ ዘንድ ያለዚያ ሜትር በር አይገጠምም፤ ሜትሩ በቀይና በጥቁር የተከፋፈለ ነው፤ የበሩ ክፍተት ቀዩ ላይ ካረፈ በረከት ነው፣ ጥቁሩ ላይ ካረፈ መከራ። የቶዋ በር በስሱ መቃን ሲለካ ጥቁሩ ላይ አረፈ፤ ያውም ለልጆች ክፉ በሚባለው ላይ።

«ግድግዳውን ጣት ያህል ብንጠርበው ክፍተቱ ሰፍቶ ቀጣዩ ቀይ ላይ ይገባል» አለ አናጢው። «አለበለዚያ በወፍራሙ ክፈፍ አጥብበን ከጥቁሩ በፊት ያለው ቀይ ላይ እናሳርፈዋለን። ግን እማማ በወንበራቸው አያልፉም።»

«የግድግዳው ሴራሚክ ገና አሁን ነው የተለጠፈው፣ አይነካም» አለ ኪየም። ከዚያ እናቱ ፊት ቁጢጥ አለ። «እማዬ፣ እኔ አለሁ አይደል? ጠዋት ጠዋት አቅፌ አወጣሻለሁ።»

«ለሴራሚክ ብለህ እናትህን ልትቆልፍባት ነው?» አልኩት።

«አክስቴ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወዳለች።»

ቶዋ ወለሉ ላይ የምትጫወተውን የልጅ ልጇን አየቻት። «በልጆቹ ክፉ ከሚመጣ ይጥበብ» አለች። ጥቁሩን እኔም እፈራዋለሁ።

ወፍራሙ ክፈፍ ተገጠመ። ማማሩንስ ያምራል፣ አይካድም። መጀመሪያ ሰሞን ኪየም በየጠዋቱ አቅፎ አወጣት። ቆይቶ ወገቤን አለ፤ ቀጥሎ ሥራ ረፈደብኝ አለ። ኋላ ሚስቱ ሻይዋን እዚያው ታስገባላት ጀመር። አንድ ቀን እኔ ልሸከማት ብዬ፣ አሮጊት አሮጊትን፣ ተያይዘን ልንወድቅ ምንም አልቀረን።

የባሏ ሙት ዓመት ደረሰ። ቤቱ በዘመድ ሞላ። ኪየም በአባቱ ፎቶ ፊት ሰገደ፤ እንግዳው በሮቹን እየዳሰሰ አደነቀ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ቶዋስ የት አለች ያለ ሰው የለም።

ወደ ክፍሏ ብሄድ የክት ቬልቬት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ወንበሯ ሁለቱ መቃኖች መሃል ተቀርቅሮ አገኘኋት። ብቻዋን ልትወጣ ስትታገል ጣቶቿ ተልጠዋል።

«ምነው አትጣሪም?» አልኳት።

«በእንግዳ ፊት ላሳፍረው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሄጄ ኪየምን ጠራሁት። መጣ፤ ጎንበስም አለ። ያየው ግን ክፈፉን ነው። በጣቱ ዳበሰውና፣ «እማዬ፣ አበባውን እኮ ፋቅሽው» አለ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሁለተኛ አልጠጋውም» አለችው።

ወንበሯን ወደ ውስጥ ገፍቶ መለሳትና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። እህቴ ቃሏን ታከብራለች። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተጠጋችውም።