የአባቴ መኳንንት

ይህን የምጽፈው፣ አባቴ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ያላነሣውን ነገር እኔም ዝም ብዬ ካለፍሁት ቤታችን ሁለት ጊዜ ያፈረ ስለሚመስለኝ ነው። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ በተሰጣበት ባለፍሁ ቁጥር ሽታው ኒውላንድ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል፤ በየበጋው የአባቴ እናት ወንድም አባባ ኡጁሉ ከአቦቦ በኩል ዓሣ በጆንያ ይዘው ሲመጡ ግቢው በዚያው ሽታ ይሞላ ነበርና።

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እጀታው ላይ ዘውድ የተቀረጸበት አንድ የብር ማንኪያ ነበረው፤ ያወረሰው የአባቱ አባት፣ መርከቦች በባሮ በሚመላለሱበት ዘመን ቡና ይገዛ የነበረና ኋላ ሚስትና ልጁን ትቶ ወደ አገሩ የሄደ ፈረንጅ ነው። አባቴ ይህ ሰው ከመኳንንት እንደተወለደ ራሱን አሳምኖ፣ ስለ አውሮፓ መሳፍንት ቤቶች የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ከሥራ ሲመለስ ዘውዱን ከየቤቱ ዓርማ ጋር ያስተያይ ነበር። ከአንዱም አልገጠመም። እኔንም አጠገቡ አስቀምጦ የትኛዋ ልዕልት ለየትኛው መስፍን እንደተዳረች፣ ሀፕስበርግ የተባሉት ነገሥታት በጋብቻ ብቻ ስንት አገር እንደጠቀለሉ፣ የአንዲት ንግሥት የልጅ ልጆች በየዙፋናቸው ሆነው እንዴት እንደተዋጉ ያስጠናኝ ነበር፤ እኔም ሁሉን በቃሌ ይዤ በሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ፊት እኮራበት ነበር።

አንድ በጋ አባባ ኡጁሉ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ አባቴ ያጠናሁትን እንዳሰማቸው አዘዘኝ። ሽማግሌው ሳያቋርጡ ሰምተውኝ፣ ስጨርስ በተሰባበረ አማርኛቸው «ጎበዝ ነህ። እነዚያ ሰዎች ግን አባትህን ያውቃሉ?» አሉኝ። አጥሩን ተደግፈው ይሰሙ የነበሩ ጎረቤቶች ሳቁ፤ አባቴ አልሳቀም።

አባባ ኡጁሉ ያን ዕለት የመጡት ለጨዋታ አልነበረም። ወንዶች ልጆቻቸው ሁሉ ሞተውባቸው ነበር፤ እርሳቸውና አያቴ ደግሞ ከአኝዋክ መኳንንት ቤት የተወለዱ ስለነበሩ፣ የቤቱን አባቶች በየተራቸው፣ ማን ከየትኛው መንደር እንዳገባና በየትኛው ጋብቻ ከማን ጋር እንደታረቁ ጭምር የሚያውቅ ከእርሳቸው በቀር አልቀረም። በአኝዋክኛ ለአባቴ «የእኅቴ ልጅ፣ ልጁን ለአንድ በጋ ስጠኝ። አሥራ አንድ አባቶች አሉን፤ አስቆጥሬው ልሙት» አሉት። አባቴ ቋንቋውን አሳምሮ እያወቀ፣ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙት በአማርኛ «አጎቴ፣ ልጁ ትምህርት አለበት። የመንደር ስም ቆጥሮ የት ይደርሳል?» ሲል መለሰላቸው። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ። እናቴ ካመጡት ዓሣ ወጥ ሠርታ ስታቀርብ አባቴ አልበላም።

ክረምቱ ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከአቦቦ የመጣ ሹፌር አባባ ኡጁሉ መታመማቸውን ነገረን። እናቴ እንሂድ ብላ ወተወተች፤ አባቴ ጭቃው ይድረቅ እያለ ሲያመነታ፣ ጭቃው ሳይደርቅ መርዶው ደረሰን።

ዝናቡ ሲያባራ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። አባቴን የቅርብ ዘመድ ነው ብለው ከፊት አስቀመጡት፤ ከሌላ መንደር የመጡ አንድ አዛውንትም የሟቹን አባቶች ይጠራ ዘንድ በአክብሮት ጠየቁት። አባቴ የእናቱን አባት ስም ጠራና ቆመ። ከእርሱ ወዲያ ያለውን አያውቅም ነበር። ማንም አልሳቀም። ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት በአኝዋክኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ተዉት፣ እንግዳ ነው» አሉ። አባቴ ነገሩ እንዳልገባው ሰው ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። እኔም ከአጠገቡ ተቀምጬ፣ ቀና ብዬ የሰው ዓይን ማየት አቃተኝ።

ያን ጊዜ አንድ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ እነዚያን የአውሮፓ ቤቶች፣ በሕፃንነታቸው የሞቱት ልጆቻቸው ሳይቀሩ፣ በፈለግሁ ሰዓት ስልኬ ላይ አገኛቸዋለሁ። የእኛን ቤት ለማወቅ ግን ካደግሁ በኋላ በየመንደሩ ዞሬ ጠይቄያለሁ፤ ሰዎቹ በትሕትና ያስቀምጡኛል፣ ውኃ ይሰጡኛል፣ የሚያውቁት አባባ ኡጁሉ ነበሩ ይሉኛል።

አሥራ አንድ አባቶች ነበሩን። የአንዱን ስም እናውቃለን። አሥሩ ጠፍተዋል።