በየክፍላቸው ተቀምጠው

ልጄ ሰንዓ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የየመን ሰዎች እርስ በርሳቸው መዋጋት ጀመሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ወደ ጅቡቲ የሚያሻግረው ጀልባ ያለው ወደቡ ላይ ነበር፤ እስከዚያ ያለው መንገድ ደግሞ በቦምብ ይደበደባል። እኔ መካነ ሰላም ተቀምጬ የደከመውን የሬዲዮ ድንጋይ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ማታ ዜናው መሐል እንዳይጠፋብኝ።

አንድ ማታ፣ ተኩስ እንዲያቆሙ ተዋጊዎቹን ትልልቆቹ መንግሥታት በሰው አገር ሆቴል ሰበሰቧቸው ተባለ። ግን ፊት ለፊት አንቀመጥም ብለው በየክፍላቸው ናቸው፤ አደራዳሪው ከክፍል ክፍል ቃል ያመላልሳል።

"በየክፍላቸው ከሆኑ በቃ፣ ይታረቃሉ" አሉ የባሌ አባት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደም የተቃባ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር የገዳይ ወገን ከወንዙ ማዶ፣ የሟች ወገን ከወዲህ ይቀመጣል፤ ውሃውን እየተሻገረ ቃል የሚያደርሰው ሽማግሌ ነው። የሚተያዩት ነገሩ ሲያልቅ ነው።

"እነሱ እኮ ሆቴል ነው ያሉት አባባ፤ ምን ቸግሯቸው ይታረቃሉ?"

"አንቺ ደግሞ መፍራት ሥራሽ ነው!"

በዚያው ሰሞን ልጄ ደወለች።

"እማ፣ የአገራችን ልጆች ነገ በጭነት መኪና ወደ ወደቡ ሊሄዱ ነው። ልሂድ ወይስ ተኩሱ እስኪቆም ልቆይ?"

ሂጂ ብላት መንገዱ፣ ቆዪ ብላት ከተማው። አማቴ ስልኩን ተቀበሉኝ።

"ቆዪ ልጄ። ሽማግሌ ገብቶበታል፤ ኢንሻአላህ ሰሞኑን ይበርዳል።"

"እሺ አባባ" ስትል ሰማኋት።

ሆቴል የተሰበሰቡት ሰዎች አንድም ቀን ሳይተያዩ ተበተኑ። ሬዲዮው ጅምሩ መልካም ነበር አለ። በእኛ አገር ዕርቅ ያቃተው ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ነው ቤቱ የሚገባው፤ እነዚያ ሌላ ቀጠሮ ይዘው በአውሮፕላን ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ልጄ ያለችበት ሰፈር ተመታ። ስልኳ ከዚያ ወዲህ አልጠራም።

በጭነት መኪናው የሄዱት ጅቡቲ ገቡ። አብራቸው የነበረችው የጎረቤቴ ልጅ ከደሴ ከመጣው አውቶቡስ ስትወርድ እናቷ እልል ልትል አፏን ከፍታ እኔን ስታይ ዋጠችው።

አማቴ ከዚያም በኋላ ለደም ዕርቅ ይጠሩ ነበር። ሲወጡ ሬዲዮው አጠገብ ቆም ይላሉ።

"የየመኖቹ ነገር ምን ተባለ?"

"እንደገና ሊያደራድሯቸው ነው።"

"ፊት ለፊት ተቀመጡ?"

"እርስዎ እንዳሉት ነው አባባ፤ በየክፍላቸው ናቸው" እላቸውና ዱላቸውን አቀብላቸዋለሁ።